የሚተነፍስ ጎማ፤ የደምን መንገድ ስለሚመስለው የሲሊኮን ቺፕ አሠራር

የበየዳ ሰው በራስ ዳሽን አካባቢ ቀጭን አየር እየተነፈሰ ያርሳል፤ ሸክም ይዞም ዳገት ይወጣል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን በዚያው ዳገት ቶሎ ይደክማል፤ ራሱንም ያመዋል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ማነስ ነው። በ3530 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚሳበው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚሳበው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፥ በስሜን ተራሮች በዚሁ ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የሄሞግሎቢናቸው አማካይ መጠን በወንዶች 15.9፥ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሲሆን፥ የደማቸው የኦክሲጅን ይዞታ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙ የራቀ አይደለም። ታዲያ አየሩ ሲያንስ ደሙ እንዴት አይጎድልበትም? ይህን ለመመርመር ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ፥ በጣት ጥፍር ልክ እንኳ ሊሠራ የሚችል የጎማ ቺፕ ነው።

ቺፕ ማለት በውስጡ ከጠጉር የቀጠኑ ቦዮች ያሉበት ቁራጭ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ወርዱ 8 ማይክሮሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ቦዩ ከቀጭኖቹ የደም ሥሮች ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ጎማው ፖሊዳይሜቲልሲሎክሴን የሚባል ሲሊኮን ነው። ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ያሳያል፤ ኦክሲጅንም በውስጡ ያልፋል። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ኋይትሳይድስ የምርምር ቡድን በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፈጣኑን አሠራር ካሳተመ ወዲህ፥ ዘዴው በብዙ ቤተ ሙከራዎች ተስፋፍቷል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ቅርጽ ማውጫ። በሲሊኮን ዝርግ ላይ የቦዮቹ መልክ በብርሃን ኀይል ጐልቶ ይሠራል። ይህ አቧራ የሌለበት ልዩ ክፍል ይፈልጋል፤ ነገር ግን አንዱ ቅርጽ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

2ኛ፤ መለካትና መቀላቀል። 10 እጅ ፈሳሽ ሲሊኮን ከ1 እጅ ማጠንከሪያ ጋር በሚዛን ተለክቶ በደንብ ይማሰላል። የላቴክስ ጓንት ግን አይደረግም፤ በውስጡ ያለው ድኝ ጎማው እንዳይጠና ያግዳልና።

3ኛ፤ አረፋን ማስወገድ። ውሑዱ አየር በሚመጠጥበት ዕቃ ውስጥ አረፋው እስኪጠፋ ይቆያል። በቦይ አጠገብ የቀረ አረፋ ዕይታን ያበላሻል።

4ኛ፤ ማጠንከር። በ65 ዲግሪ ሙቀት 4 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በ25 ዲግሪ ግን 48 ሰዓት ይፈልጋል፤ እንደ ስሜን ባለ ብርድ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል።

5ኛ፤ መቁረጥና መብሳት። ጎማው በስለት ተቆርጦ ይላቀቃል፤ ፈሳሽ መግቢያና መውጫው ይበሳል።

6ኛ፤ ማጣበቅ። ጎማውና መስተዋቱ ከጸዱ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ የኦክሲጅን ፕላዝማ ያገኛቸዋል፤ ወዲያውም ይገጣጠማሉ። በመካከል የገባ አቧራ ወይም የጣት ቅባት ማጣበቂያውን ያሳሳዋል፤ ደሙም በዚያ ያፈሳል።

ከዚህ በኋላ ደም በአንዱ ቦይ ሲፈስ፥ በጎረቤቱ ቦይ ኦክሲጅን ያነሰበት አየር ይለቀቃል። ኦክሲጅኑ በጎማው አልፎ ስለሚወጣ፥ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ደም የተራራውን አየር ያገኛል። ጎማው አንዳንድ መድኃኒቶችን ስለሚመጥ ግን ለመድኃኒት ምርመራ ሲውል ጥንቃቄ ያሻል።

ይህ ነገር ለእኛ የሚጠቅመው ስለ ምንድር ነው? ደም ከሰው ከተቀዳ በኋላ ሲቆይ ይለወጣል፤ ስለዚህ የስሜን ሰው ደም ባሕር ተሻግሮ ከሚመረመር ይልቅ በቅርብ ቢመረመር ይሻላል። ቅርጽ ማውጫው ከሌላ ስፍራ ሊመጣ ይችላል፤ የፕላዝማው መሣሪያም ይገዛል። የቀረው ሚዛን፥ ምድጃ፥ ትዕግሥትና ንጹሕ እጅ ነው። ደም የሚሰጠውም ሰው ለምን እንደሚሰጥ ተረድቶ በፈቃዱ ይስጥ።

መምህራን ሆይ፥ በመስኮት በገባ የፀሐይ ጮራ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ። ከዚያ አንዲቱ ቅንጣት የብዙ ሰዓት ሥራ ልታበላሽ እንደምትችል ብትነግሩአቸው፥ ንጽሕና ስለ ምን ከዕውቀት ጋር እንደሚሄድ ያስተውላሉ።