ፍል ውኃን የሚጠብቀው ማነው?



ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣችኝ አንዲት ባዶ ጠርሙስ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፣ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የምትኖረውን ታላቅ እህቴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። በዚያ ከተማ ብዙ የአገራችን ሰዎች ስለሚኖሩ እንጀራውም ቡናውም ቤተ ክርስቲያኑም አልጎደለም። ልጇ በጫካ መካከል ወደሚገኝ አንድ ፍል ውኃ ሊወስደኝ ማሰቡን በሰማች ጊዜ እህቴ ጓዳ ገብታ አንዲት ጠርሙስ አጥባ ሰጠችኝ። «ወንድምዬ፣ ለጉልበቴ ትንሽ ቀድተህ አምጣልኝ። ፍል ውኃ የእግዜር መድኃኒት ነው» አለችኝ። ለብዙ ዓመት ቆማ ስትሠራ ጉልበቷ የተጎዳባት ስለሆነች እንቢ ልላት አልቻልሁም።

ፍል ውኃው የሚገኘው በኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከኤልዋ ወንዝ ሸለቆ በላይ ነው። ቀድሞ መኪና እስከ አቅራቢያው ይደርስ ነበር። በወንዙ ላይ ግን ሁለት የኤሌክትሪክ ግድቦች ነበሩ፤ አንደኛው በ1913፣ ሁለተኛው በ1927 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የተፈጸሙ ናቸው። ግድቦቹ ሳልሞን የተባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ላይኛው ወንዝ ወጥቶ እንዳይራባ ስለ ከለከሉት፣ ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ፈርሰው ወንዙ ተለቀቀ። የተለቀቀውም ወንዝ በጎርፍ ጊዜ መንገዱን ቆርጦ ስለ ወሰደው፣ ዛሬ ጎብኚ መኪናውን ከታች አቁሞ፣ ደርሶ መልስ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ መሄድ ይኖርበታል።

እኛም በጫካ ለማደር የፈቃድ ወረቀት አውጥተን፣ ምግባችንን ድብ ሊከፍተው በማይችል መያዣ ከትተን፣ በማለዳ ተነሣን። ዛፎቹ ከእኛ ጥድ ጋር የሚመሳሰሉ ሆነው፣ ጫፋቸውን ለማየት የሚሻ ሰው ባርኔጣው ይወድቅበታል። የወደቀው ግንድ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል፤ ከቅርንጫፎቹም የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። መንገዱን ዛጎል የሌለው፣ ርዝመቱ ጣት የሚያህል ቢጫ ቀንድ አውጣ ሲያቋርጥ አይቼ ቆሜ አሳለፍሁት። የእህቴ ልጅ ሳቀብኝና «ጋሼ፣ እንዲህ ለቀንድ አውጣ ሁሉ ከቆምን አይመሽብንም?» አለኝ።

በመጨረሻ የድኝ ሽታ መጣ። በተራራው ወገብ ላይ፣ እዚህም እዚያም ከመሬት የሚመነጨው ውኃ በድንጋይ ተከቦ ትንንሽ ኩሬዎች ሠርቷል። አንዳንዱ ለብ ያለ ነው፤ ትኩሱ እስከ 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ዝናሙና የቀለጠው በረዶ በዓለቱ ስንጥቅ ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ በምድር ውስጣዊ ሙቀት ግሎ ተመልሶ ሲወጣ ነው። በዚህ ቦታ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የእንግዳ ማረፊያና የመዋኛ ገንዳ ነበረ። ከተዘጋ በኋላ ቤቶቹ ተነሥተው ጫካው ቦታውን መልሶ ወሰደው። ዛሬ ዘበኛም የለ፣ ቲኬት ቆራጭም የለ።

ጠርሙሷን ከፍቼ ልቀዳ ጎንበስ ስል የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘኝ። የፓርኩ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ማስጠንቀቂያም አነበበልኝ፤ በኩሬዎቹ ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጣ ተሕዋስያን ስለሚገኝ መታጠቡ አይመከርም የሚል ነው።

እውነቱን ልናገር፤ አፈርሁ። ያን ሁሉ መንገድ በእግር ተጉዞ በዚያ ጫካ ውስጥ የሰው ቆሻሻ ያጋጥመኛል ብዬ አላሰብሁም። ውኃው ከምድር ሲወጣ ንጹሕ ነው፤ ያቆሸሸው እንደ እኔ ሊጎበኘው የመጣ ሰው ነው። ከአንዱ ኩሬ አጠገብም የቢራ ጣሳና ያረጀ ካልሲ አገኘን። ልጁ ምንም ሳይናገር ከሻንጣው ከረጢት አውጥቶ ለቀማቸው።

ያን ጊዜ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ይዤ በአገራችን አንድ ፍል ውኃ ለመጎብኘት ሄጄ ነበር። ስለ ስምጥ ሸለቆ፣ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ማዕድን ብዙ አስተማርኋቸው። ልንመለስ ስንል ግን የላስቲክ ጠርሙሱ፣ የብስኩት ወረቀቱና የሳሙናው ልጣጭ በምንጩ ዳር ተበትኖ ቀረ። አይቻለሁ። «መኪናው ይጠብቀናል፣ ይህን የሚጠርግ ሌላ ሰው ይኖራል» ብዬ ዝም አልሁ። አርባ ልጆች የዚያን ዕለት ከእኔ የተማሩት ስለ ስምጥ ሸለቆ ሳይሆን ስለ ዝምታዬ ይመስለኛል።

እኛ ስለ ፍል ውኃ ከማንም ያነሰ ማወቅ አይገባንም። ዋና ከተማችን እንኳ በ1879 ዓ.ም. ግድም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ የተቆረቆረች ናት። በጠበል ያለውን እምነት መንካቴም አይደለም፤ የተቀደሰ ነው የሚሉትን ማቆሸሽ ይልቁን የባሰ ነውና።

ስለዚህ ለመምህራን ባልደረቦቼና ለወላጆች የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ልጆችን ወደ ምንጭ ስንወስድ እያንዳንዱ ባዶ ከረጢት ይያዝ፤ ያመጣውንም ያገኘውንም ይዞ ይመለስ። ሳሙና ከምንጩ ርቆ ይሁን። መጸዳጃ በሌለበት ስፍራም ከውኃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መቅበር ይገባል። ይህን ለመፈጸም በጀትም ሆነ የውጭ አገር ባለሙያ አያስፈልግም፤ ዘበኛ በሌለበት ዘበኛው ጎብኚው ራሱ ነውና።

ወደ ሲያትል ስመለስ እህቴ አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ጠርሙሷ ነው። ባዶዋን ሰጠኋትና ምክንያቱን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «እዚያ ድረስ ሄደው አቆሸሹት?» አለች። እኔም ከቧንቧ ውኃ ቀድቼ በምድጃ አሙቄ፣ ፎጣ ነክሬ በጉልበቷ ላይ አደረግሁላት። «ይህም ደግ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ያች ጠርሙስ ባዶዋን በመመለሷ አሁንም ይቆጨኛል። በመጪው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያው ወደ ቀድሞው ምንጭ ለመሄድ አስቤአለሁ፤ በመጀመሪያም ዝም ብዬ የተውሁትን እኔው ራሴ እለቅማለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር