ተጨማሪ መረጃ፦ ራም ሲበላሽ ወይም ሳይጣጣም ሲቀር

አዲስ ራም ከተጨመረ በኋላ ኮምፒውተሩ እየጮኸ አልነሳ ካለ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ወይም በሥራ መሃል ራሱን እያጠፋ ከተነሳ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሙ ነው።

ይጣጣማል? ከራም ዓይነቶች መደበኛው ዲዲአር3 በ1.5፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1 ቮልት ይሠራል። በራሙ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለው ክፍተትም ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት (የራም ማስገቢያ) አይገባም፤ በጉልበት መጫን ማዘርቦርዱን ይጎዳል። ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ፍጥነታቸው ከተለያየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በዝቅተኛው ፍጥነት ይሠራሉ።

ብልሹውን ለመለየት
1. ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ገመዱን ከሶኬት ንቀል። በሰውነትህ ያለው ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጎዳ የኬዙን ብረት ንካ።
2. ራሞቹን አውጥተህ አንዱን ብቻ፣ መያዣው ቀጭ እስኪል ድረስ መልሰህ አስገባ።
3. ሌሎቹንም ተራ በተራ በዚያው ስሎት፣ ከዚያም በሌሎቹ ስሎቶች ሞክር። አንድ ራም በየትኛውም ስሎት ካልሠራ ችግሩ የራሙ ነው፤ ደህና ራም ሁሉ በአንድ ስሎት ብቻ ካልሠራ ችግሩ የስሎቱ ነው።
4. ኮምፒውተሩ ከተነሳ ሜምቴስት86 በተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ራሙን ፈትሽ። ስህተት ደጋግሞ ካሳየ ራሙን ቀይር፤ ብልሹ ራም ሳይታወቅ የምታስቀምጣቸውን ፋይሎች ጭምር ያበላሻል።