ፈንጂ በውሃ ውስጥ ለምን ይመዘናል?

ከስድስት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ ስናቀና፥ አሮጌዎቹ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ አዲሱ መንገድና ሕንፃ ምን ያህል ጠጠር እንደ በላ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ጠጠር የሚገኘው ከድንጋይ ካባ ነው፤ ጥቁሩን ድንጋይ ከተራራው የሚነጥለውም በተለምዶ ድማሚት እያልን የምንጠራው ፈንጂ ነው።

ባለ ካባው ፈንጂውን የሚገዛው በኪሎ ነው፤ የሚፈልገው ግን ጉልበቱን፥ በፊዚክስ ክፍል ኢነርጂ የምንለውን ነው። ጉልበቱ ካነሰ ድንጋዩ እንደ ቤት ገዝፎ ይቀርና እንደ ገና መፍለጥ ይመጣል። ከበዛም ፍንጣሪው ይወረወራል፥ የጎረቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል። ታዲያ ይህ ጉልበት በምን ይመዘን?

ትራውዝል የተባለው ኦስትሪያዊ 10 ግራም ፈንጂ በእርሳስ ብረት ውስጥ አፈንድቶ፥ የሰፋውን ጉድጓድ መጠን የመለካት ዘዴ አወጣ። ዘዴው ብልህ ነው፤ ነገር ግን አንፎን የመሰለ የዛሬ የካባ ፈንጂ በ10 ግራም በወጉ አይፈነዳም። ጠባዩን የሚያሳየው በኪሎ ሲቀርብ ነው። በዐለት ውስጥ እንዳንለካው ደግሞ የአንዱ ዐለት ስንጥቅ ከሌላው አይመሳሰልም። ውሃ ግን የትም ውሃ ነው።

ስለዚህ ፈንጂው በጥልቅ ኩሬ መካከል ይንጠለጠላል፤ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፥ በዚያው ጥልቀት፥ የግፊት መለኪያ ይሰቀላል። በመለኪያው ውስጥ ያለው የቱርማሊን ክሪስታል ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ያወጣል። መጀመሪያ የሚደርሰው በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ የሚጓዘው የግፊት ማዕበል ነው። ግፊቱ በቅጽበት ሽቅብ ይወጣና ወዲያው ያሽቆለቁላል። ከዚህ መዝገብ የማዕበሉ ጉልበት ይሰላል፤ ዐለትን የሚሰነጥቀው በይበልጥ እርሱ ነው።

የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። የፍንዳታው ጋዝ ትልቅ አረፋ ሆኖ ውሃውን እየገፋ ይሰፋል፤ በግስጋሴው ከልኩ ያልፍና ውስጡ ይሳሳል። ያን ጊዜ ውሃው ተመልሶ ይጨፈልቀዋል፥ ሁለተኛ ምት ይሰማል። አንድ ኪሎ ቲ.ኤን.ቲ. በባሕር 10 ሜትር ጥልቀት ቢፈነዳ በሁለቱ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ሩብ ሰከንድ አይሞላም። ጉልበቱ ከዚህ ጊዜ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፥ የአረፋውን ጉልበት ለማወቅ ሰዓትና የውሃው ግፊት ይበቃሉ። የተሰነጠቀውን ዐለት ገፍቶ የሚያነሣው ይህ የጋዝ ጉልበት ነው። አንፎ በማዕበሉ ለስለስ ያለ ሲሆን በአረፋው ግን ብርቱ ነው፤ በአንድ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ገዢ ይህን ልዩነት አያየውም።

እኛ ደጋ ለምንኖረው አንድ ወጥመድ አለ። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ታልፋለች፤ የአየሩ ግፊት በጂቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 5 ሜትር ውሃ ግማሽ አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በዚያ ጥልቀት ጂቡቲ ላይ 1.5፥ እዚህ 1.25 መሆኑ ነው። የሚጫነው ስለ ቀነሰ አረፋው ይዘገያል፥ ጊዜው 16 በመቶ ያህል ይረዝማል። የወደቡን ግፊት ይዞ እዚህ የሚያሰላ ሰው የአረፋውን ጉልበት ከግማሽ በላይ አጋኖ ያወጣል፤ ፈንጂው ግን ያው ነው። መድኃኒቱ ባሮሜትር ማንበብ ነው፤ አለዚያም ጉልበቱ የታወቀ ፈንጂ በዚያው ኩሬ፥ በዚያው ቀንና ጥልቀት አፈንድቶ ሁለቱን ማወዳደር።