ዓይን የማያየው መርዝ

አንድ ብርጭቆ ውሃ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስትመለከቱ ጥርት ብሎ ብታገኙት፣ ንጹሕ ነው ብላችሁ ለመጠጣት ትቸኩሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ የውሃ መጥራትና የውሃ መንጻት አንድ አይደሉም። በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ማዕድን ማለታችን ነው። ይህ ማዕድን በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በእርግጥ ይሠራል።

በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው የፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል የመጠጥ ውሃዋን ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ጀመረች። ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል ስላልተጨመረበት፣ ውሃው አሮጌዎቹን የእርሳስ ቧንቧዎች እየሸረሸረ እርሳሱን ወደየቤቱ አደረሰው።

ይህን ወሬ በኮሎራዶ ግዛት የምትኖር ጊታንጃሊ ራኦ የተባለች ልጅ ሰማች። ወላጆቿም የቤታቸውን ውሃ ሲመረምሩ አየች። በቤት የሚደረገው ምርመራ አስተማማኝ አለመሆኑን፣ የላቦራቶሪው ደግሞ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑን ስትረዳ፣ በእጅ የሚያዝ ጠቋሚ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣች።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ፣ ክሎራይድ የተቀቡ የካርቦን ቱቦዎች አሉ። ቱቦዎቹ ውሃ ውስጥ ሲነከሩ፣ እርሳስ ካለ ከክሎራይዱ ጋር ይጣመራል። በዚህን ጊዜ በቱቦዎቹ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ይለወጣል። ለውጡም ተለክቶ ውጤቱ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ይነበባል።

ራኦ እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ11 ዓመቷ፣ በዚሁ ሥራ በአሜሪካ የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥታ 25,000 ዶላር ተሸለመች። ሽልማቱ ግን የሥራው ፍጻሜ አይደለም። አንድ መለኪያ የሚታመነው ደጋግሞ ተፈትኖ ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር ሲስማማ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ ከመሬት ሥር የሚቀዳው ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚህ ሲያልፍ ውሃው ለዓይን የጠራ ቢሆንም የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንትን ይጎዳል።

ስለዚህ አንድን ውሃ «ንጹሕ ነው» ከማለታችሁ በፊት፣ «ማን ለካው? በምንስ ለካው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መልመጃ

1. «የውሃ መጥራትና የውሃ መንጻት አንድ አይደሉም» ሲባል ምን ማለት ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. «እርሳስ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። በእያንዳንዱ ፍቺ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
3. የምትጠጡት ውሃ ከየት ተነሥቶ እንዴት ወደ ቤታችሁ እንደሚደርስ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጻፉ።