ማናቡ ማቤ፦ ከቡና ማሳ የወጣው ረቂቅ ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1979 የብራዚሉ አየር መንገድ የቫሪግ የጭነት አውሮፕላን ከቶኪዮ ናሪታ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደበረረ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ደብዛው ጠፋ። ስድስት የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። ከጭነቱ መካከል ቶኪዮ ላይ ለሕዝብ ታይተው ወደ ብራዚል የሚመለሱ ሥዕሎች ይገኙ ነበር፤ ሁሉም የማናቡ ማቤ ሥራዎች። ሰዎቹም፣ አውሮፕላኑም፣ ሥዕሎቹም እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ማቤ በ1924 በጃፓን ኩማሞቶ ተወለደ። አሥር ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ብራዚል ገባ። መንገዱን ሌሎች ቀድመው ጀምረውታል። ብራዚል በ1888 ባርነትን ስትሽር የቡና ባለርስቶች የሰው ጉልበት አጠራቸው፤ በ1908 ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ 781 ጃፓናውያንን ይዛ ሳንቶስ ወደብ ደረሰች፤ ብዙዎችም ተከተሉ። ዘሩ ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣው አረቢካ ቡና ነው እንግዲህ የማቤን ልጅነትና ወጣትነት የወሰደው።

ሊንስ በተባለችው ከተማ አካባቢ ቡና እየኮተኮተና እየለቀመ ሥዕል ተለማመደ። ሸራ ማዘጋጀትንና የዘይት ቀለም ማቅጠንን ያሳየው እዚያው የሚኖር ጃፓናዊ ሠዓሊና ፎቶ አንሺ ነው። ሲጀምር የሚሥለው ዓይን የሚያውቀውን ነበር፤ የአገሩን መልክ፣ ገበታ ላይ ያለ ዕቃን። በ1950ዎቹ ግን ቅርጾቹ እየላሉ ሄደው ቀለምና የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ቀሩ። በ1957 የቡና መሬቱን ሸጦ ሳኦ ፓውሎ ገባ፤ ከረባት ላይ ቀለም እየቀባም ቤተሰቡን አስተዳደረ። በ1959 በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሳኦ ፓውሎ የጥበብ ዐውደ ርእይ (ቢየናሌ) የብራዚል ምርጥ ሠዓሊ ተብሎ ተሸለመ። በፓሪስ የወጣቶች ቢየናሌም ሽልማት አገኘ፤ ታይም መጽሔት «የማናቡ ማቤ ዓመት» በሚል ርእስ ጻፈለት።

ሥዕሎቹን ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሰፊ የቀለም ሜዳ ናቸው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥልቅ ሰማያዊ። በመካከሉ ነጭ መስመር በአንድ ትንፋሽ ሮጦ ያልፋል። ቀረብ ሲሉ ያ ነጭ ቀለም ወፍሮ ተቆልሏል፤ ሌላው ቦታ ተፍቆ የሥሩ ቀለም ብቅ ብሏል። የጃፓን የቁም ጽሕፈት በብሩሽና በቀለም ይጻፋል፤ ብሩሹ አንዴ ወረቀቱን ከነካ መመለስ የለም። የማቤ መስመር ያንን ድፍረት ወርሷል። የዘይት ቀለም ለማረም የሚመች ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ጥድፊያ በሸራ ላይ ትኩስ እንደሆነ ማቆየት ከባድ ጥበብ ነው።

ብዙዎች ሥራውን «የጃፓንና የብራዚል ጋብቻ» ይሉታል። እኔ ይህ አባባል ሰውየውን ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ሁለቱም አገሮች ብዙ ሠዓሊ ነበራቸው፤ ይህን መስመር ያሰመረው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ማሳ ላይ ውሎ ማታ ማታ ብሩሽ ያነሣ አንድ ሰው ነው። ረቂቅ ሥዕል የሚገባው ለተማረ ብቻ ነው ለሚሉም ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ማቤ በ1997 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አረፈ። የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ የዘመኑ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን በስብስቡ ይዟል። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የሚገጥማችሁ አንባብያን፣ ሥዕሎቹ ለእይታ መቅረባቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁና ሂዱ፤ ፎቶግራፍ የቀለሙን ውፍረት አያሳይም።