ያለ ባንድ ለመዝፈን፦ አጃቢ ፕሮግራም አመራረጥና አጠቃቀም



ሰኔ 13 ቀን የሚውለው የዓለም የስደተኞች ቀን ሲቃረብ ከወጣቶቻችን የማይታጣ አንድ ጥያቄ አለ። ድምፃዊ አለ፤ ክራር የሚደረድር፣ ማሲንቆ የሚጫወትም አይጠፋም። ቤዝ ጊታርና ድራም ግን ከየት ይምጣ? «በስልክ የሚያጅብ ፕሮግራም አለ ይባላል፤ ገንዘብ አዋጥተን ብንገዛው ያዋጣናል ወይ?» ይሉናል። በዚህ እትማችን ስለዚሁ ጉዳይ የምናውቀውን እናካፍላችኋለን።

አጃቢ ፕሮግራም የሚሠራው እንዲህ ነው። የዜማውን ኮርዶች በተርታ ትጽፉለታላችሁ፤ ስልትና ፍጥነት ትመርጡለታላችሁ፤ ቤዙን፣ ድራሙንና ፒያኖውን ራሱ አሰናድቶ ይጫወታል። ከሁሉም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳው ፒጂ ሚውዚክ የወጣው ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ነው። ዛሬ በሙዚቀኞች የተቀረጹ ድምፆች ስለተጨመሩበት ሙሉው ጥቅል የሚመጣው በሃርድ ዲስክ ነው። ጥሩ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ መብራት ለሌለው ሰው ይህን አንመክርም። ለስልክ የሚሆነው አይሪል ፕሮ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ተጨማሪ ስልቶች ግን ለብቻ ይሸጣሉ። ኤምኤምኤ የተባለው ደግሞ በነፃ የሚገኝና በአሮጌ ኮምፒውተርም የሚሠራ ነው፤ ሆኖም ሁሉን በጽሑፍ ማዘዝ ስለሚጠይቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዋናውን ችግር እወቁ።

እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለጃዝ፣ ለፖፕና ለመሳሰሉት ነው። ዶ ብላችሁ ብትጽፉ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብሎ ሙሉ ኮርድ ይመታል። አምባሰል ከዶ ሲጀመር ግን ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ናቸው፤ ሚ የለበትም። ድምፃዊቷ ፋ ስትል ማሽኑ ሚ ይላል፤ አምባሰሉም ይጠፋል። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቀውም «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም።

መፍትሔው ባለ ሁለት ድምፅ ኮርድ ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ 5 ቁጥርን ስትጽፉ ፕሮግራሙ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይመታል። (ዶ በፕሮግራሞቹ «ሲ»፣ ሶል ደግሞ «ጂ» ተብሎ እንደሚጻፍ ልብ በሉ።) ለአምባሰል ዶ፣ ፋና ሬ ቤሞልን በዚህ መልክ ብትጠቀሙ ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ አይኖርም። በትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሶልና ላ ይሆናሉ፤ ፈረንጆቹ አብዝተው የሚወዱት ፋ ግን በትዝታ ውስጥ ስለሌለ አትንኩት። ለባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚና ፋ ይበቃሉ። አንቺሆዬ ለብቻው ነው። ከዶ ሲጀመር ሶል ስለሌለው የዶ አምስተኛ አይገኝለትም፤ ፒያኖውንና ጊታሩን ዘግታችሁ ምቱን ብቻ ብታስቀሩ ይሻላል።

ምቱም የራሱ ጣጣ አለው። ችክችካ 6/8 ስለሆነ በ4/4 ስልት ላይ በግድ አትጫኑት። ቢሆንም ማሽኑ 6/8 ብሎ የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ምት ነው፤ ትከሻ አያስነሳም። በእኛ አስተያየት የማሽኑን ድራም ዝቅ አድርጎ ቤዙን ብቻ ማቆየትና ከበሮውን ለሰው መስጠት ይመረጣል። ጄሪካንም ቢሆን የሚመታው ሰው ካወቀበት ከማሽኑ ይበልጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ማሽን ማንንም አይጠብቅም። ድምፃዊው መግቢያውን ሊያንጎራጉር ቢፈልግ ማሽኑ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ መግቢያውን ከማሲንቆ ጋር ብቻ አስጨርሱና ፕሮግራሙን ከዚያ በኋላ አስነሡ።

ልምምዱ ሲያልቅ አጃቢውን በድምፅ ፋይል አውጥታችሁ በፍላሽ ያዙት። እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙን የገዛው ሰው ቢቀር ወይም ባትሪው ቢያልቅ ዝግጅቱ አይስተጓጎልም። በስልክ የምታጫውቱ ከሆነ ግን በዘፈኑ መሀል እንዳይደወል የስልኩን መስመር ዝጉ።

ክራሩ የሚቃኘው በማሽኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትርሱ። መጀመሪያ ድምፃዊው ወይም ድምፃዊቷ ሳይጨነቁ የሚደርሱበትን መነሻ ፈልጉ፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን ወደዚያ አውርዱት ወይም አውጡት፤ የክራሩን ጅማት የምታጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው።