ውርጭ የለመደውና ውርጭ የማያውቀው፦ ሁለት የአፍሪካ ተክሎች በዴንቨርና በአውሮራ

ዲሴምበር 21 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ከሰዓት በኋላ በዴንቨር የአየሩ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አሽቆለቆለ። በማግስቱ በከተማዋ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ተመዘገበ። እንዲህ ባለው ሌሊት ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ተክል ግን በቆመበት ያድራል። በዴንቨርና በጎረቤቷ አውሮራ ለግቢው ተክል የሚመርጥ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የሚመርጠው ለዚያ ዓይነቱ ሌሊት ነው።

ሁለቱ ከተሞች ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም። ዴንቨር ከአክሱም፣ አውሮራ ከአዳማ ጋር በእህትማማች ከተማነት ተሳስረዋል። በአውሮራ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትና የቅመማ ቅመም ሱቅ ለማግኘት ብዙ መንከራተት አያሻም። በአካባቢው ቤት ገዝቶ ግቢውን ማልማት የጀመረ ሰው በጸደይ ወራት ወደ ችግኝ መሸጫ ሲገባ ከሁለት የአፍሪካ ተክሎች ጋር ሊገናኝ ይችላል። አንደኛው በገበያ ስሙ አይስ ፕላንት የሚባለው፣ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ደማቅ አበባ የሚያወጣው ድንክ ተክል ነው። ሁለተኛው ቀላ ያለ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ የሚቆም ሲሆን በወረቀቱ ላይ «ቀይ የአቢሲኒያ ሙዝ» ተብሎ ይጻፍበታል። በጉራጌ፣ በሲዳማ ወይም በከምባታ ያደገ ሰው ግን ወረቀቱን ማንበብ አያስፈልገውም፤ እንሰት መሆኑን ገና ከበር ያውቀዋል።

እንሰት በኢትዮጵያ ለ20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ምግብ እንደሆነ ይገመታል። ኤንሴቴ የሚለው የሳይንስ ስሙ ራሱ ከኢትዮጵያ የተወሰደ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ተክሉን በሥዕል አስደግፎ ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋውቋል። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ እንሰት የታወቀው በቆጮው ሳይሆን በመልኩ ነው። በተለይ ማውሬሊ የተባለው ቀይ ቅጠል ያለው ዝርያ የመናፈሻዎች ጌጥ ሆኗል። አትክልተኞችም «የሐሩር አገር ቅጠል» ከሚሏቸው ተክሎች ጎን ይመድቡታል።

ይህ ምደባ አሳሳች ነው። እንሰት የሚስማማው ከባሕር ጠለል በላይ በግምት ከ1,500 እስከ 3,100 ሜትር ነው። ዴንቨር የምትገኘው በ1,609 ሜትር ላይ ነው፤ አውሮራም ከዚያ እምብዛም አትርቅም። በከፍታ ብቻ ቢለካ እንሰት በኮሎራዶ እንደ አገሩ በሆነ ነበር። ልዩነቱ ያለው ከምድር ወገብ በሚኖረው ርቀት ላይ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ቅዝቃዜው የሌሊት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ዴንቨር ግን በ40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለምትገኝ ቅዝቃዜው የወራት ነው። አፈሩም አብሮ ይበርዳል።

የእንሰት ግንድ የሚመስለው ክፍል እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው፤ አብዛኛው ክብደቱም ውሃ ነው። ውርጭ ሲመታው በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣት የሕዋሶቹን ሽፋን ይቀዳድዳል። በረዶው ሲቀልጥ ጠቁሮና ለስልሶ የሚታየው ቅጠል ውሃውን መያዝ የተሳነው ቅጠል ነው። ሰፊው ቅጠል በበጋም ሌላ ዕዳ አለበት። ደረቁ የኮሎራዶ አየር ውሃውን በፍጥነት ይመጥጠዋል፤ ነፋሱም ይሸነትረዋል። የበረዶ ጠጠር የያዘው ዝናብ ከመጣማ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 በዴንቨር አካባቢ የወረደው የበረዶ ጠጠር ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ የመድን ኪሳራ አስከትሏል። የመኪና መስታወት ያልቻለውን የእንሰት ቅጠል እንዲችለው መጠበቅ ይከብዳል።

አይስ ፕላንት በሳይንስ ስሙ ዴሎስፐርማ ይባላል። በወፍራም ቅጠሉ ውሃ የሚያጠራቅም በመሆኑ እንደ እሬትና እንደ እንዳሁላ ካሉ ውሃ አዘል ተክሎች ጋር ይመደባል። በዴንቨር ከሚተከሉት ዝርያዎች አንዱ ኑቢጌነም ይባላል፤ ትርጉሙ «ከደመና የተወለደ» እንደማለት ነው። የመጣውም ከሌሶቶ ተራሮች ነው። በእነዚያ ተራሮች ክረምቱ ደረቅና ውርጫማ ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው በሞቃቱ ወቅት፣ ከነጎድጓድ ጋር ነው። የኮሎራዶን ሰማይ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ልዩነቱ ብዙም አይታየው ይሆናል። እነዚህን ተክሎች በአሜሪካ በማስተዋወቅ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሳው በዴንቨር እጽዋት ማዕከል ለአሥርተ ዓመታት የሠሩት ፓናዮቲ ኬላይዲስ ናቸው። በዚያው ማዕከል የተገኘ አንድ ዝርያም ኬላይዲስ ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል።

በዚህ ቤተሰብ ከሚገኙ ተክሎች ብዙዎቹ ውሃን የሚቆጥቡበት ስልት ለመሐንዲስ ጭምር የሚያስቀና ነው። አብዛኛው ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚከፍተው በቀን ነው። በዚያው በር ውሃው ተንኖ ይወጣል። ውሃ አዘሎቹ ግን በሩን የሚከፍቱት በሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ያስገቡትን በአሲድ መልክ ያከማቻሉ፤ ሲነጋ በሩን ዘግተው ከጎተራቸው እያወጡ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ። የአይስ ፕላንት ዘመድ በሆነ አንድ ተክል ላይ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው ተክሉ እንደሌላው በቀን ሲሠራ ቆይቶ ድርቅ ወይም ጨው ሲያስጨንቀው ወደ ሌሊት ፈረቃ መዞር ይችላል።

ይሁን እንጂ አይስ ፕላንትም የማይሞት አይደለም። ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው በክረምት ሥሩ ሥር የሚተኛ ውሃ ነው። የዴንቨርና የአውሮራ አፈር በብዙ ቦታ ውሃ የሚያቁር ሸክላ ስለሆነ፣ ጠጠር ሳይቀላቅሉና መሬቱን ከፍ ሳያደርጉ መትከል ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መቅበር ነው። የሚተከለውም በጸደይ ወይም በበጋው መጀመሪያ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ክረምት ከደረሰበት ጥንካሬው አይጠቅመውም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ለባለቤቱ በተተወ ነበር። ነገር ግን ዴንቨር በዓመት የምታገኘው ዝናብና የቀለጠ በረዶ ከ400 ሚሊሜትር በታች ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ታገኛለች። በትንሽ ውሃ ግቢን የማስዋብ ዘዴ የሚጠራበትን ዜሪስኬፕ የተሰኘ ቃል እ.ኤ.አ. በ1981 የፈጠረው የዴንቨር ውሃ ድርጅት መሆኑ አያስገርምም። የአውሮራ ከተማ ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ በአዳዲስ ቤቶች የፊት ግቢ ውሃ ወዳድ ሣር እንዳይተከል ከልክሏል፤ በጓሮም መጠኑን ገድቧል። አዲስ ቤት ለሚገዛ ቤተሰብ እንግዲህ «በሣሩ ቦታ ምን ልትከል?» የሚለው ጥያቄ በግድ የሚመጣ ነው።

መሬት ለመሸፈን ከሆነ ሁለቱን ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። አይስ ፕላንት አንዴ ከያዘ በበጋ አልፎ አልፎ ቢጠጣ ይበቃዋል፤ ከበረዶው ሥር ወጥቶም ያብባል። እንሰት በየጊዜው ውሃ፣ ፍግ የጠገበ አፈርና ከነፋስ የሚከልለው ግድግዳ ይፈልጋል። በአምስት ወር በጋ ቆጮ ይደርስልኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለም በአገር ቤት እንኳ ለመፋቅ ዓመታት እንደሚፈጅ ያስታውስ። ነገር ግን ከአያቱ ደጅ የነበረውን ተክል ከበረንዳው ፊት ለፊት ማየት የሚፈልግን ሰው የውሃ ቆጣሪ ብቻ ሊዳኘው አይገባም። አንድ እንሰት በትልቅ ማሰሮ ውስጥ የሚጠጣው ከሣር ሜዳ ጋር አይወዳደርም።

እንሰትን በኮሎራዶ ማቆየትም ይቻላል። ወደ ውጭ የሚወጣው ሜይ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ውርጭ ብዙ ጊዜ በኦክቶበር መጀመሪያ ስለሚደርስ ከዚያ በፊት መነቀል አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሴፕቴምበር 5 ቀን 38 ዲግሪ የነበረው ሙቀት ሴፕቴምበር 8 ቀን በበረዶ ተተክቷል። ከመሐሉ ለጋ ቅጠል በቀር ሌሎቹ ይቆረጣሉ፤ አፈሩ ከሥሩ ይራገፋል፤ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ለጥቂት ቀናት ተዘቅዝቆ ይቀመጣል። ከዚያም ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ፣ ውርጭ በማይገባበት ምድር ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ይከርማል። ይህ ሁሉ ለተክሉ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ የእንሰት ገበሬዎች ችግኙን እየነቀሉ ከቦታ ወደ ቦታ ደጋግመው ያዛውሩታል። ለማራባትም የአሚቾውን የመሐል እምቡጥ አውጥተው መልሰው ይቀብሩታል፤ ከአንድ አሚቾ ብዙ ቡቃያ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

አሚቾው በምድር ቤት ጨለማ ውስጥ ሲከርም አይስ ፕላንቱ ውጭ ከበረዶው ሥር ነው፤ ቅጠሉ ተኮማትሮ ቀላ ብሏል። የደረቀ የዘር ከረጢቱ እንደተዘጋ ይቆያል። ውሃ ሲነካው ይከፈታል፤ የዝናቡ ጠብታም ዘሩን እያፈናጠረ ይበትነዋል።